አንድሮሜዳን የሣላት ወረቀት

ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም የንድፍና የኅትመት ሥዕሎች ማጥኛ ክፍል በብዕር መጻፍ ክልክል ነው። ማስታወሻ መያዝ የሚፈልግ በእርሳስ ይጽፋል። ምክንያቱን ማንም ይረዳዋል፤ አንዲት የቀለም ጠብታ አራት መቶ ዓመት በኖረ ወረቀት ላይ ካረፈች የሚመልሳት የለም። ይሁን እንጂ እዚያ በየሣጥኑ ከተቀመጡት ሃምሳ ሺህ ያህል ንድፎች እጅግ ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ በተከለከለው ነገር፣ በብዕርና በጽሕፈት ቀለም ነው። የሠሯቸው ሰዎች ያቺን የማትመለስ ጠብታ በብዕራቸው ጫፍ ይዘው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የእጃቸው ድፍረት የሚገባን ይህን ስናስብ ነው።

ክፍሉ ለምሁራን ብቻ የተከለለ አይደለም። አስቀድሞ ቀጠሮ የያዘና መታወቂያ ያሳየ ሁሉ ይስተናገዳል፤ ክፍያም የለውም። ማየት የሚፈልጉትን ሥዕል መለያ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሠራተኛዋ ጠፍጣፋና ከባድ ሣጥን ይዛ ትመጣለች። ሣጥኑ ሶላንደር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን እዚያው ሙዚየም ይሠራ ከነበረ ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ውስጡ በወፍራም ካርቶን ላይ የተያያዙ ሉሆች አሉ። በኤግዚቢሽን አዳራሽ በደብዛዛ መብራት፣ ከመስታወት ጀርባ የሚታይ ሥዕል እዚህ ከአፍንጫ ሥር ይቀመጣል። የወረቀቱ ሻካራነት፣ ቀለሙ የሰረገበት ቦታ፣ ብዕሩ ወረቀቱን የቧጨረበት ሳይቀር ይታያል። አውሮፓ ውስጥ ለእንግዳ ሰው ከተከፈቱ በሮች ሁሉ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

እዚያ ያደረሰኝ የአንድሮሜዳ ነገር ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሴፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥት ናቸው። ንግሥቲቱ በቁንጅና ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ትመካለች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አገር የሚያጠፋ አውሬ ይልካል፤ መዓቱ የሚመለሰው ልጃቸው ለአውሬው ስትሰጥ ነው ስለተባለ አንድሮሜዳ በባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ትታሰራለች። ያያትን ሁሉ ወደ ድንጋይ የምትለውጠውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ የሚመለሰው ፐርሲየስ በአየር ላይ ሲያልፍ ያያታል፤ አውሬውን ገድሎ ያገባታል። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ሜታሞርፎሲስ በተባለው መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ይህን ሲተርክ ቦታውን በኢትዮጵያ ያደርገዋል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በሰፊው ማለታቸው እንጂ የዛሬውን ድንበር አልነበረም። ቋጥኙን በኢዮጴ፣ ማለትም በዛሬዋ ያፋ ወደብ የሚያደርጉ ጸሐፊዎችም ነበሩ። ቢሆንም ስሙ የእኛ ስም ነውና፣ የአውሮፓን የአፈ ታሪክ ሥዕል የሚያይ ኢትዮጵያዊ ዓይኑ ወደዚህች ልጅ መሄዱ አይቀርም።

የሚያያትም ነጭ ሆና ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሠዓሊዎች እንዲያ ሣሏት። ኦቪድ ራሱ በሌሎች ሥራዎቹ ጠይም መሆኗን በግልጽ ይናገራል፤ በሜታሞርፎሲስ ግን ነፋስ ፀጉሯን ባያወዛውዘውና ዕንባዋ ባይፈስ ኖሮ ፐርሲየስ የእብነ በረድ ሐውልት ናት ብሎ ባለፋት ነበር ይላል። ሠዓሊዎቹ ሐውልቷን ይዘው ቀሩ። የቬላስኬዝ መምህርና አማት የነበረው ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ፣ ከሞተ በኋላ በ1649 በታተመው የሥዕል ጥበብ መጽሐፉ ይህንኑ አንስቷል፤ መጻሕፍት ጥቁር ናት እያሉ ለምን ነጭ ተደርጋ ትሣላለች ሲል ይጠይቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መልሱ በዋናነት በሰዎቹ አስተሳሰብ ውስጥ እንደሚገኝ አያጠራጥርም። ንድፎቹን በቅርብ ሳይ ግን ወረቀቱና ቀለሙም የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አየሁ። ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚያ ድርሻ ነው።

በነጭ ወረቀት ላይ በቀለም ሲነደፍ ብርሃን ማለት ያልተነካ ወረቀት ማለት ነው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በጥቁር ጠመኔ አቅጣጫውን ብቻ ያመለክታል፤ ከዚያ በብዕር ያሠምራል፤ በመጨረሻ ያንኑ ቀለም በውኃ አቅጥኖ በብሩሽ ጥላውን ይጥላል። ገላ፣ ሰማይ፣ የውኃ ብልጭታ፣ ሁሉም እጅ ሳይነካቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የማይነካውን ከመለየት ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ብርሃኑን መጨረሻ ላይ መጨመር ይችላል፤ በብዕር የሚሠራው ግን ብርሃኑን ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቅ መዋል አለበት።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የገባኝ በጉዌርቺኖ አንድ ሉህ ላይ ነው። ስሙ ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ባርቢየሪ ነው፤ ከ1591 እስከ 1666 ኖረ፤ ቦሎኛ አጠገብ ባለችው ቼንቶ ተወልዶ፣ በዓይኑ ሸውራራነት ጉዌርቺኖ ተባለ። ሉሁ ላይ ቬነስና ልጇ ኩፒድ አሉ። የቬነስ ጀርባ ላይ አንድም መስመር የለም። ከአንገቷ ሥር የተነሣው መስመር ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ከዚያ ባዶ ወረቀት ነው፤ ወገቧ ላይ እንደገና ይጀምራል። በመካከል የጎደለውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ከጎኗ ብሩሹ ጥላውን በአንድ ምት ጥሎታል፤ እርጥቡ ቀለም ወደ ዳር ተጠራቅሞ ስለደረቀ የጥላው ጠርዝ ከመሀሉ ይልቅ ጠቁሯል። አንደኛውን ክንዷን ሁለት ጊዜ ሞክሮታል። መጀመሪያ ያሠመረው እዚያው አለ፤ ሁለተኛው ጠንከር ብሎ ላዩ ላይ ሄዷል። በዚህ ሙያ ሐሳብ የቀየረ ሰው የቀየረው ሐሳብ ከነማስረጃው ይቀመጥለታል። ከተወለወሉት ሥዕሎች ይልቅ እንዲህ ያሉትን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ሲያስብ ይታያል።

ሠራተኛዋ ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችና፣ «ጀርባውን ይመልከቱ፤ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው» አለችኝ። በጀርባው ላይ ጥላዎቹ ሁሉ ቡናማ ሆነው ወጥተዋል፤ ከኩፒድ ክንፍ ሥር ደግሞ ቀለሙ ወፍሮ የነበረበት ቦታ ወረቀቱ ተሰነጣጥቆ ቀጭን ቀዳዳ አበጅቷል። ነፍሳት የበላው አይደለም። የበላው ራሱ ቀለሙ ነው።

የአውሮፓ የጽሕፈት ቀለም ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራው ከዛፍ እባጭ ነው። አንዲት ትንሽ ተርብ በኦክ ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል ዛፉ በእንቁላሉ ዙሪያ ክብ እባጭ ያበቅላል፤ እባጩ ታኒን የተባለውን ኮምጣጣ ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛል። የተመረጠው ከሶርያ፣ ከአሌፖ በኩል የሚመጣው ነበር። እባጩ ተወቅጦ ይዘፈዘፋል፤ የብረት ሰልፌት ይጨመርበታል፤ እንዲወፍርና ብዕር ላይ እንዲቆይ የግራር ሙጫ ይገባበታል። ቀለሙ ከብዕሩ ሲወጣ ፈዛዛ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። አይፋቅም፤ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይያያዛልና። ነገር ግን ብረቱና አሲዱ ሥራቸውን አያቆሙም። በአሥርተ ዓመታትና በመቶ ዓመታት ውስጥ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ወፍሮ በተቀባበት ቦታ ደግሞ ወረቀቱን ይበላዋል። የጉዌርቺኖ ሥራዎች በዚህ ጉዳት በጣም የታወቁ ናቸው፤ ቀለም አይቆጥብም ነበርና።

እንግዲህ በየመጽሐፉና በየፖስትካርዱ ላይ የምናደንቀው ያ ሞቅ ያለ ቡናማ፣ ብዙዎቻችን የጥንት ጥበብ መልክ ነው የምንለው፣ በብዙ ሉሆች ላይ ሠዓሊው ያላየው ቀለም ነው። እሱ ያየው ከነጭ ወረቀት ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመ ጥቁር ነበር። በእርግጥ ከመጀመሪያውም ቡናማ የነበሩ ቀለሞች አሉ። ቢስተር የሚባለው ከምድጃ ጥቀርሻ ተዘፍዝፎ የሚወጣ ነው፤ ሴፒያ ከባሕር እንስሳ ይገኛል፣ እሱ ግን የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ሦስቱን በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታዩ ግን የእባጩ ቀለም እየሳሳ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ከከሰል ወይም ከጥላሸት የተሠራ ቀለም ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ጥላሸቱ የእኛ ነው። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ከምጣድ ሥር የፋቀውን ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ ለወራት አብላልቶ ያዘጋጀዋል። በቀንድ ውስጥ አድርጎ ቀንዱን መሬት ላይ ይተክለዋል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። የሚጽፍበት ብዕር መቃ ነው። ይህ ቀለም እንደ እባጩ ቀለም ብራናውን አይነክስም፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ስሕተት ሲገኝ በቢላ ተፍቆ ይታረማል፤ በእርጥበትና በመታሸትም ሊረግፍ ይችላል። ነገር ግን ወደ ቡናማ አይሄድም፤ ጥቁር ሆኖ ተጽፎ ጥቁር ሆኖ ይኖራል።

ልዩነቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሙዚየሙ ወጥቶ በራስል ስኩዌር በኩል ወደ ሰሜን ሩብ ሰዓት ያህል የሄደ ሰው ኤውስተን መንገድ ላይ ብሪቲሽ ላይብረሪን ያገኛል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ከዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ እዚያ አሉ። መጀመሪያ የገቡት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ነበር፤ ሙዚየሙም የራሱን ሰው ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር። ከነዚህ አንዱን ተከፍቶ አይቼዋለሁ። የቅዱሳን ስም በቀይ፣ ሌላው በጥቁር፤ ፊደሉ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። የጉዌርቺኖ ቡናማ ገና ከዓይኔ ሳይጠፋ ያንን ጥቁር ሳይ ደስታና ቁጭት አብረው ያዙኝ። ይህን ያህል የሚጸና ቀለም የሚያውቅ አገር ልጅ፣ የአገሩን መጽሐፍ ለማየት ቪዛ ጠይቆ ባሕር መሻገር የለበትም። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ እስኪመለሱም ድረስ መነሣቱን ማቆም የለበትም።

ወደ ብዕሩ ልመለስ። የአውሮፓው ብዕር በአብዛኛው የዝይ ላባ ነው። ላባው በጋለ አሸዋ ውስጥ ገብቶ እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ከዚያ በትንሽ ቢላ ይቀረጻል። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ሰው ከግራ ክንፍ የተነቀለ ላባ ይመረጣል፤ ጉብጠቱ ከዓይኑ ራቅ ስለሚል። ላባ እጅን ይሰማል፤ ጫን ሲሉት ጫፉ ተከፍቶ መስመሩን ያወፍራል፤ ሲያቀሉት ፀጉር ያሳክላል። የእኛ መቃ እንዲህ አይታዘዝም፤ መስመሩ እኩልና ደፋር ነው። ሬምብራንት በ1650ዎቹ ወደ መቃ ብዕር ማዘንበሉ ይህን ደፋር መስመር ስለፈለገው ይመስለኛል። መቃ ብዙ ቀለም ስለማይዝ መስመሩ መጨረሻው ላይ ይደርቃል፤ እሱም ያንን ደረቅ ጭረት ለጥላ ተጠቀመበት።

ላባ ምን ማድረግ እንደሚችል ያየሁት ደግሞ በሊዮናርዶ ሌዳ ላይ ነው። ሌዳ የስፓርታ ንግሥት ናት፤ ዜውስ በዝይ መሰሉ ወፍ፣ በስዋን ተመስሎ የቀረባት። ሊዮናርዶ በዘይት የሣላት ሥዕል ጠፍቷል፤ ለእሱ ሲዘጋጅ የነደፋቸው የራሷ ጥናቶች ግን በዊንዘር፣ በእንግሊዝ ንጉሣውያን ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። በ2019 የሞተበት 500ኛ ዓመት ሲታሰብ ከ200 በላይ ንድፎቹ ለንደን ውስጥ በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ማዕከለ ሥዕላት ለሕዝብ ቀርበው ነበር። የሄድኩት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። እሷ ለንደን ውስጥ ፀጉር ቤት አላት።

የሌዳ ፊት በጥቂት መስመሮች የተሠራ ነው፤ ዓይኖቿ ወደ ታች ያያሉ። ድካሙ ሁሉ የፈሰሰው ፀጉሯ ላይ ነው። መሀል ላይ ተከፍሎ በስስ ጉንጉን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጆሮዎቿ ላይ እየተጠቀለለ ክብ ይሠራል፤ ሊዮናርዶ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላም ነድፎታል። የአክስቴ ልጅ መስታወቱ ላይ ተጠግታ ረጅም ሰዓት ቆየች። ጣቷን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች ጉንጉኑን ከመነሻው ተከተለችና፣ «ይሄ ሁሉ የራሷ ፀጉር አይደለም፤ ተቀጥሏል። እዚህ ጋ ይጋጠማል፣ አየኸው?» አለችኝ። ከነዚህ ሉሆች በአንዱ ላይ ሊዮናርዶ በራሱ እጅ፣ ይህ ሳይበላሽ የሚወልቅና መልሶ የሚደረግ ነው የሚል ማስታወሻ ጽፏል። ሙያ ሙያን ያውቀዋል። አምስት መቶ ዓመት የሞላው ሹሩባ ላይ የተቀጠለበትን ቦታ ልታሳየኝ የቻለችው ሠዓሊው ጉንጉኑን ከላይ ከላይ ስላልነካው ነው፤ እያንዳንዱ ጉንጉን ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል።

ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር። ጥላ የሚሠራባቸው ተከታታይ ጭረቶቹ ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ የቀኝ እጅ ጭረት በተቃራኒው ነው። ሌዳን በነደፈበት ዘመን ግን ጭረቶቹ ቀጥ ማለታቸውን ትተው እንደ ገላው ይጎብጣሉ፤ በጉንጯ ይዞራሉ፣ በአንገቷ ይከባሉ። መስመሩ ጥላ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቅርጽም ሆነ። ከዚህ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት የመጣ ነዳፊ ሁሉ ከዚህ የተማረ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ፑሳን የሌላ ዓይነት ሰው ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ፑሳን በ1622 እና 1623 ገደማ፣ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት፣ ፓሪስ ለነበረው ጣሊያናዊ ገጣሚ ማሪኖ ከአሥር የሚበልጡ ንድፎችን ሠራ፤ አብዛኞቹ ከኦቪድ መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው። ዛሬ እነሱም ዊንዘር ናቸው። ብዕሩ ጥቂት ይናገራል፤ ታሪኩን የሚተርከው በብሩሽ የተጣለው ጥላ ነው። ሮም ውስጥ የሰም አሻንጉሊቶች ሠርቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ በሣጥን ውስጥ አቁሞ በቀዳዳ ብርሃን እያስገባ ጥላው የሚወድቅበትን ያጠና እንደነበር ተጽፏል። በእርጅናው እጁ መንቀጥቀጥ ያዘው፤ በደብዳቤዎቹም ይህን እያነሣ አዝኗል። የመጨረሻ ዓመታት ንድፎቹ ላይ መስመሩ ይሰባበራል፣ ይርገበገባል። ዛሬ ሉቭር ያለውን የአፖሎንና የዳፍኔን ሥዕል በ1664 ሳይጨርሰው በኋላ ካርዲናል ለሆነው ለካሚሎ ማሲሚ ሰጠው፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ። ይህ የሚንቀጠቀጥ መስመር ከዚያ በፊት ካሠመራቸው ሁሉ ለእኔ ይበልጥብኛል። ቅንብሩ አልተናጋም፤ የተናጋው እጁ ብቻ ነው።

ይኸው ማሲሚ ሠዓሊውን ክሎድ ሎራንንም የፐርሲየስን ታሪክ አሠርቶታል። ሥዕሉ የ1674 ነው፤ ኖርፎክ ውስጥ ሆልክም አዳራሽ ይገኛል። ጊዜው ከድሉ በኋላ ነው፤ ፐርሲየስ የሜዱሳን ራስ በባሕር ሣር ላይ ሲያስቀምጠው ሣሩ ደርቆ ቀይ መርጃን ይሆናል፤ የባሕሩ ልጃገረዶችም ተገርመው ያያሉ። ክሎድ ሥራዎቹ እየተመሰሉበት ስለተቸገረ ከሣላቸው ሥዕሎች አብዛኞቹን በብዕርና በብሩሽ እየነደፈ የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው፤ ከ1635 ገደማ ጀምሮ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይዞታል። ከ1957 ጀምሮ የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ነው። ደብተሩ ሲጠረዝ አራት ነጭ ሉህ፣ አራት ሰማያዊ ሉህ እየተፈራረቀ ነው። አንድ ሰው አንድን ዓይነት ባሕርና አንድን ዓይነት ማለዳ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ሲሠራ ማየት፣ ስለ ወረቀት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራል።

ሰማያዊው ወረቀት ከሰማያዊ ጨርቅ እላቂ ይሠራ ነበር፤ ቬኒስ ውስጥ በጣም ይወደድ ነበር። ወረቀቱ ራሱ መካከለኛ ጥላ ስለሆነ ሠዓሊው በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ በቀለም ወደ ጨለማ፣ በነጭ ወደ ብርሃን። ነጩ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነው። የጥያቄዬ መልስ እዚህ ላይ ተለወጠብኝ። ነጭ ወረቀት ላይ የአንድሮሜዳ ነጭነት ማንም ሳይሠራው የሚገኝ ነው፤ ገላዋን ላለመንካት ብሎ የተወ ሰው ሁሉ ነጭ ያደርጋታል፣ ቁሳቁሱም ይተባበረዋል። ሰማያዊ ወረቀት ላይ ግን ይህ ሰበብ የለም። እዚያ ያልተነካ ገላ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚሆነው አንድ ሰው ብሩሹን ነጭ ውስጥ ነክሮ፣ ትከሻዋንና ጉልበቷን አንድ በአንድ ሲቀባ ነው። ይህ ውሳኔ ነው። የውሳኔው ባለቤት ደግሞ ወረቀቱ ሊሆን አይችልም።

ያ ነጭም ዕድሜ አለው። ስሙ ያልታወቀ የ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ በሰማያዊ ወረቀት ላይ የነደፋት አንዲት የባሕር ልጃገረድ ሉህ ላይ ብርሃን መሆን የነበረበት ሁሉ ጠቁሯል፤ ግንባሯ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ፣ የትከሻዋ ክብ። የእርሳስ ነጭ አየር ውስጥ ድኝ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የድንጋይ ከሰል ጢስና የጋዝ መብራት በነበረባቸው ከተሞች ይህ በብዙ ሉሆች ላይ ደርሷል። ጠጋኞች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መልሰው ሊያነጡት ይችላሉ። ይችን ግን አልነኳትም። ጥላዋ ቡናማ፣ ብርሃኗ ጥቁር ሆና ተቀምጣለች።

ጠይም አንድሮሜዳን የሚፈልግ ፍለጋው ረጅም ነው፤ ግን ባዶ እጁን አይመለስም። በፍሌሚሹ አብርሃም ቫን ዲፔንቤክ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ የተቀረጸ የመዳብ ኅትመት አለ። በ1655 ፓሪስ ውስጥ በታተመው የሚሼል ደ ማሮል የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ልጅቱ ጥቁር ናት። ቀራጩ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ቀለም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ገላዋን በሙሉ ጥቅጥቅ ባለ ጭረት መሸፈን፣ ብርሃኑንም በጭረቶቹ መካከል በሚቀሩ ቀጫጭን ክፍተቶች ማውጣት ነበረበት። ከነጭ ገላ ይልቅ ብዙ እጥፍ ሥራ ነው። ሥራውን የሚሠራ ሰው ሲገኝ ግን ሆነ።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ላለ ሠዓሊ ወዳጄ ጻፍኩለትና፣ በእኛው ጥላሸት፣ በእኛው መቃ አንድሮሜዳን እንዲሞክራት ለመንኩት። መልሱ የሙያ መልስ ነበር። «ነጭ ወረቀት ላይ ነው የምሠራት» አለኝ። «ትከሻዋ ላይና ሰንሰለቱ ላይ ብቻ ወረቀቱን እተዋለሁ። ሌላውን ገላዋን በቀጭን ቀለም አንድ ጊዜ አልፌ፣ ሲደርቅ ደግሜ፣ ጉንጯ ሥር ሦስተኛ እደርባለሁ። መጀመሪያ ግን ሙጫውን መቀነስ አለብኝ፤ አሁን ያለኝ ቀለም ሲደራረብ ያብለጨልጭና ይሰነጠቃል።»